ገነትን ማየትና ገነትን መጠበቅ

ስለ ግራናዳ ከተማ የአትክልት ስፍራ፤ ስለ ጥንታዊ ሰፈሯና ስለ እንግዳ ማረፊያ ቤቶቿ

ሰው ከአገሩ ወጥቶ ሌላ አገር ለማየት የሚነሣበት ምክንያት ብዙ ነው። ነጋዴ ለትርፍ፤ ተማሪ ለዕውቀት፤ መልእክተኛ ለመንግሥት ጉዳይ፤ ተሳላሚ ለበረከት ይሄዳል። በዛሬው ዘመን ግን ከነዚህ ጉዳዮች አንዱም ሳይኖረው፤ መልካም የሆነውን ነገር በዓይኑ አይቶ ልቡን ደስ ለማሰኘት ብቻ የሚጓዘው ሰው ቍጥሩ እጅግ በዝቷል። እንዲህ ያለው መንገደኛ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ይኸውም ያማረ የአትክልት ስፍራ፤ ታሪክ ያለው ጥንታዊ ሰፈር፤ ደኅና አልጋና ደኅና ማእድ የሚገኝበት ሆቴል ነው። ሦስቱ በአንድነት ተሟልተው የሚገኙበት ከተማ ብዙ አይደለም። ከጥቂቶቹ አንዲቱ በእስፓኒያ ደቡብ፤ አንዳሉስያ በሚባለው ክፍል ያለችው ግራናዳ ናት። ስለዚህች ከተማ መናገር ስለ ውበት ብቻ መናገር አይደለም፤ ውበት እንዴት እንደሚሠራ፤ እንዴት እንደሚጠፋ፤ እንዴትም እንደሚጠበቅ መናገር ነው። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ግራናዳ ሴራ ኔቫዳ ከሚባለው የተራራ ሰንሰለት ግርጌ፤ ከባሕር ወለል 700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። የሴራ ኔቫዳ ትርጓሜ በረዷማው ተራራ ማለት ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠውም ጫፉ ከ3400 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በከተማይቱ ውስጥ ዳሮና ሔኒል የሚባሉ ሁለት ወንዞች ይገናኛሉ። የከተማይቱ ስም በእስፓኒያ ቋንቋ ሮማን ከሚባለው ፍሬ ስም ጋራ አንድ ስለ ሆነ፤ ሮማን የዓርማዋ ምልክት ሆኗል። ሙቀት በሚበረታባቸው ወራት በዚያ አገር ዝናብ እምብዛም አይዘንብም፤ ስለዚህ ምድሪቱ ደርቃ ከመቅረት የዳነችው ከተራራው ላይ እየቀለጠ በሚወርደው የበረዶ ውሃ ነው። የግራናዳ ሀብት ወርቅ ሳይሆን ውሃ መሆኑን አስቀድሞ ያላስተዋለ መንገደኛ የሚያየውን ሁሉ ያያል እንጂ ምክንያቱን አያውቀውም።

በ1238 ዓ.ም. መሐመድ ኢብን አል አሕመር የተባሉት ንጉሥ ከተማይቱን በያዙ ጊዜ፤ ከዳሮ ወንዝ በስተ ግራ ባለው ኮረብታ ላይ አምባ ማሠራት ጀመሩ። ይህ አምባ አልሐምራ ይባላል፤ በዓረብኛ ቀይቱ ማለት ነው፤ የግንቡ መልክ እንደ ሸክላ የቀላ ነውና። ነገር ግን ኮረብታው ላይ ውሃ አልነበረም። ውሃ የሌለው አምባ ጠላት በከበበው ቀን የሚወድቅ፤ ሰላም በሆነም ቀን ቅጠል የማይበቅልበት ነው። ስለዚህ የንጉሡ ሰዎች የዳሮን ወንዝ ወደ ላይ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ጠለፉትና በተራራው ወገብ ቦይ ቀድደው ወደ ኮረብታው አመጡት። የንጉሥ ቦይ የተባለው ይህ ሥራ ነው። ከዚያ ወዲያ የተሠራው አዳራሽ ሁሉ፤ የተተከለውም ተክል ሁሉ፤ የተገነባውም መታጠቢያ ሁሉ በዚያች አንዲት ቦይ ላይ እንደ ዶቃ በክር ላይ የተሰካ ነው።

ዛሬ ወደ ነገሥታቱ አዳራሾች የሚገባ ሰው በመጀመሪያ ከሚደነቅባቸው ስፍራዎች አንዱ የአደስ ግቢ የሚባለው ነው። በመካከሉ 34 ሜትር ያህል የሚረዝም ኵሬ አለ፤ በግራና በቀኝም አደስ በመስመር ተተክሎ እንደ አጥር ተስተካክሎ ተከርክሟል። አደስ በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ቅቤ የሚያሸት መልካም ሽታ ያለው ቅጠል መሆኑ የታወቀ ነው። በኵሬው ራስ ላይ የቆመው 45 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ ጥላው በውሃው ላይ ስለሚወርድ፤ ግንቡ ሁለት መስሎ ይታያል። ከዚያ አለፍ ሲሉ የአንበሶች ግቢ ይገኛል፤ 12 የእብነ በረድ አንበሶች አንድ ገበታ በጀርባቸው ተሸክመው ከአፋቸው ውሃ ያፈሳሉ። ይህን ግቢ ያሠሩት በ14ኛው መቶ ዓመት የነገሡት መሐመድ 5ኛ ናቸው። ግድግዳው ሁሉ በጄሶ ጌጥና በዓረብኛ ጽሕፈት የተሞላ ነው፤ ደጋግሞ የሚነበበውም የነገሥታቱ መፈክር ከእግዚአብሔር በቀር ድል አድራጊ የለም የሚል ነው። ይህን ቃል በግድግዳቸው ያስቀረጹት ነገሥታት ከ250 ዓመት በኋላ ቃሉ በራሳቸው ላይ ተፈጸመ። ጥር 2 ቀን 1492 ዓ.ም. የመጨረሻው ንጉሥ መሐመድ 12ኛ የከተማይቱን ቍልፍ ለንግሥት ኢሳቤልና ለንጉሥ ፈርዲናንድ አስረክበው ወጡ።

ከአምባው ወጣ ብሎ፤ ከፍ ባለው ኮረብታ ላይ ሔኔራሊፌ የሚባለው የነገሥታቱ የዕረፍት ስፍራ ይገኛል። ስሙ ጀነት አል ዓሪፍ ከሚለው ዓረብኛ የወጣ ነው፤ ብዙዎችም የሊቀ ጠበብቱ ገነት ብለው ይተረጕሙታል። ጀነት የሚለው የዓረብኛ ቃልና ገነት የሚለው የግእዝ ቃል ወንድማማች መሆናቸው ለቋንቋ ሊቃውንት የተሰወረ አይደለም። በዚህ ስፍራ የንጉሥ ቦይ በግቢው መካከል በቀጥታ መስመር ያልፋል፤ በሁለት ወገንም አበባ፤ ጽጌ ረዳ፤ ብርቱካንና አደስ ተተክለዋል። ከዚያም በላይ የውሃ ደረጃ የሚባል አለ፤ ሰው በደረጃው ሲወጣ እጁን የሚያሳርፍበት መደገፊያ እንደ አሸንዳ ተቦርቡሮ ውሃ ይወርድበታል። በጽኑ ሙቀት ቀን ወደ ላይ የሚወጣ መንገደኛ እጁን በዚያ ውሃ ላይ ባኖረ ጊዜ፤ የሠሪዎቹን ጥበብ ያለ መሪና ያለ አስተርጓሚ ያውቀዋል።

ደግሞም ሊታለፍ የማይገባው ነገር፤ ሔኔራሊፌ የአበባ ስፍራ ብቻ አለመሆኑ ነው። ከታች ባሉት እርከኖች ከነገሥታቱ ዘመን ጀምሮ አትክልትና ፍራፍሬ ይመረትባቸው ነበር፤ እርሻውም እስከ ዛሬ አልቀረም። የጥንት ሰዎች ውበትንና ጥቅምን ለያይተው አላዩም፤ ዓይን የሚጠግብበትን ስፍራ ሆድም እንዲጠግብበት አድርገው ሠሩት። በቅዱሳት መጻሕፍትም ፊተኛው ሰው በገነት የተሾመው ሊያበጃትና ሊጠብቃት እንጂ ሊጐበኛት ብቻ አልነበረም።

በ1958 ዓ.ም. በሔኔራሊፌ ቤቶች ላይ እሳት ተነሥቶ ጕዳት አደረሰ። ነገር ግን ከጥፋቱ በኋላ ምድሩ በተቈፈረ ጊዜ፤ የጥንቱ የአትክልት መደብ ከዛሬው መራመጃ ዝቅ ብሎ ከነውሃ ማጠጫው ተገኘ። በዚህም የጥንት አትክልተኞች አበባውን ዝቅ ባለ መደብ ላይ ይተክሉ እንደ ነበረ ታወቀ፤ በመራመጃው የሚያልፍ ሰው አበባው ምንጣፍ መስሎ ይታየው ነበር ማለት ነው። ከቦይው ዳርና ዳር ሽቅብ እየተፈናጠቀ ቅስት የሚሠራው፤ ጎብኚ ሁሉ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ውሃ ግን በኋላ ዘመን የተጨመረ ነው። በነገሥታቱ ጊዜ ውሃው በጸጥታ ይሄድ ነበር። እንግዳ ጥንታዊ ነው ብሎ የሚያደንቀው ሁሉ ጥንታዊ እንዳልሆነ፤ የጥንቱም ነገር ብዙ ጊዜ ከእግር በታች ተቀብሮ እንደሚገኝ ከዚህ ይታወቃል።

ከአልሐምራ ትይዩ፤ ከዳሮ ወንዝ ማዶ ባለው ኮረብታ ላይ አልባይሲን የሚባለው ጥንታዊ ሰፈር ተዘርግቷል። መንገዶቹ ጠባቦችና ጠማሞች ናቸው፤ ሁለት የተጫኑ በቅሎዎች ቢገናኙ አንዱ ወደ ኋላ ሳይመለስ አይተላለፉም። ከውጭ ሲታይ የኖራ ግድግዳ ብቻ ነው፤ በሩ ሲከፈት ግን ወይን፤ ሮማን፤ በለስና ጠንበለል ያለበት ግቢ ይታያል። እንዲህ ያለው በአጥር የተሰወረ ግቢ ያለው ቤት ካርመን ይባላል፤ ስሙም ወይን ከሚል የዓረብኛ ቃል የወጣ ነው። ሀብቱን ለመንገደኛ ሳይሆን ለቤተ ሰቡ የሚያሳይ የቤት አሠራር ነው። በሰፈሩም ልዩ ልዩ ስፍራ ከጥንት የቀሩ የውሃ ማጠራቀሚያዎች አሉ፤ ውሃቸው ይመጣ የነበረው አልፋካር ከሚባለው መንደር አጠገብ ካለ ምንጭ በ11ኛው መቶ ዓመት በተቈፈረ ቦይ ነበር። የቦዩ ስም አይናዳማር ነው፤ የእንባ ምንጭ ማለት ነው። አማርኛ ምንጭን የውሃ ዓይን እንደሚለው፤ ዓረብኛም ዓይንንና ምንጭን በአንድ ቃል ይጠራቸዋል።

ይህ ሰፈር ስሙን የመሰለ ታሪክ አለው። በ1492 ዓ.ም. ከተማይቱ በተሰጠች ጊዜ ነዋሪዎቹ እስላሞች በሃይማኖታቸውና በሥርዓታቸው እንዲኖሩ ውል ተጽፎላቸው ነበር። ነገር ግን ስምንት ዓመት ሳይሞላ፤ በ1499 ዓ.ም. ሕዝቡን በግድ ማጥመቅ ተጀመረና የአልባይሲን ሰው ዐመፀ። በ1568 ዓ.ም. ሁለተኛ ዐመፅ ተነሣ፤ ከዚያም በኋላ ሕዝቡ ከግራናዳ ተነቅሎ በእስፓኒያ ልዩ ልዩ ክፍል ተበተነ፤ ከ1609 እስከ 1614 ዓ.ም. ደግሞ ከመላው አገር እንዲወጣ ተደረገ። ቤቶቹ ባዶ ቀሩ፤ ብዙዎቹም ፈረሱ። ቦዩን የሚጠርግ፤ እርከኑን የሚጠግን፤ ውሃውን በሰዓት የሚከፋፍል ባለሙያ በሄደ ጊዜ አትክልቱም አብሮ ሄደ። ውሉን ያፈረሰ መንግሥት ያጣው ሕዝቡን ብቻ አልነበረም፤ የሕዝቡን ዕውቀት ጭምር ነበር።

የአልሐምራም ዕድል ብዙ ጊዜ ወደ ጥፋት አዘንብሎ ነበር። በ1527 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ካርሎስ 5ኛ በአምባው ውስጥ ታላቅ አዳራሽ ማሠራት ጀመሩ፤ ሥራው ሳይፈጸም ቀርቶ ጣራው እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ሳይከደን ቆየ። በ1812 ዓ.ም. የናፖሊዮን ጦር ስፍራውን ሲለቅ አንዳንዶቹን ግንቦች በባሩድ አፈረሳቸው። አሜሪካዊው ጸሐፊ ዋሺንግተን ኢርቪንግ በ1829 ዓ.ም. በመጣ ጊዜ በነገሥታቱ አዳራሾች ውስጥ ድኆች ተጠግተው ይኖሩ ነበር። እርሱም ከነሱ ጋራ ተቀምጦ የሚያወሩትን ተረትና ታሪክ ሰበሰበና በ1832 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳተመው፤ ከዚህም በኋላ የአልሐምራ ስም በዓለም ላይ ተሰማ። ስፍራውን ከመረሳት ያዳነው የድኆች ትዝታ እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። በ1870 ዓ.ም. የእስፓኒያ መንግሥት አምባውን የሕዝብ ቅርስ ብሎ ዐወጀ፤ ሔኔራሊፌም ከግል ባለቤቶች እጅ ወጥቶ በ1921 ዓ.ም. የመንግሥት ሆነ።

በ1923 ዓ.ም. ሊዮፖልዶ ቶሬስ ባልባስ የተባሉት መሐንዲስ የአልሐምራ ጠባቂ ሆነው ተሾሙና እስከ 1936 ዓ.ም. ሠሩ። ከርሳቸው በፊት የነበሩ አንዳንድ ጠጋኞች ያልነበረውን ጌጥ ከሐሳባቸው እየጨመሩ አሮጌ አስመስለው ይሠሩ ነበር። እኒህ ሰው ግን ሊወድቅ ያዘነበለውን አጸኑ፤ የጐደለውን በሞሉበት ስፍራ ደግሞ አዲሱ ከአሮጌው እንዲለይ ያለ ጌጥ ተዉት። የሚያይ ሰው እንዳይታለል፤ የሞቱት ሠራተኞችም ያልሠሩት እንዳይነገርላቸው ነው። ይህ ሥራ ዕውቀት ብቻ ሳይሆን እውነተኛነት ነው፤ ጽሑፍ የሚገለብጥ ደብተራ የጠፋውን ቃል ከልቡ ፈጥሮ ከመጻፍ ይልቅ ባዶውን መተው እንደሚሻል እንደሚያውቅ ነው።

ስለ እንግዳ ማረፊያዎቹ ሲነገር ሁለቱ ከሌሎቹ ይልቅ ስመ ጥሩዎች ናቸው። ፊተኛው በአልሐምራ ኮረብታ ጥግ የቆመው አልሐምራ ፓላስ ነው፤ ጥር 1 ቀን 1910 ዓ.ም. ንጉሥ አልፎንሶ 13ኛ መርቀው ከፍተውታል። ከሰገነቱ ላይ ከተማይቱና ሜዳው ከነተራራው ይታያሉ። ሁለተኛው በአምባው ውስጥ ያለው የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ፓራዶር ነው። ፓራዶር ማለት መንግሥት ራሱ የሚያስተዳድረው የእንግዳ ማረፊያ ነው። የዚህ ሥራ መጀመሪያ በ1928 ዓ.ም. በግሬዶስ ተራራ የተከፈተው ሆቴል ሲሆን፤ ዛሬ በመላው እስፓኒያ ቍጥራቸው ከ90 በልጧል። ብዙዎቹ የተሠሩት ባለቤት ያጡ ገዳማትን፤ አምባዎችንና የመኳንንት ቤቶችን በማደስ ነው። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ እንግዳው ስለ አልጋውና ስለ ምግቡ የሚከፍለው ገንዘብ ጣራውን ይከድናል፤ ግንቡን ያቆማል፤ ባዶውን ቤት ሰው ያለበት ያደርገዋል።

የግራናዳው ፓራዶር በ1945 ዓ.ም. የተከፈተ ሲሆን፤ ክፍሎቹ 40 ያህል ብቻ ናቸው። ቤቱ አስቀድሞ የነገሥታት አዳራሽ፤ በኋላ የመነኮሳት ገዳም ነበረ። ንግሥት ኢሳቤል በ1504 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ በኑዛዜያቸው ያዘዙት በመነኮሳት ልብስ ተገንዘው በዚህ ገዳም፤ ከምድር ከፍ በማይል ተራ ድንጋይ ሥር እንዲቀበሩ ነበር። ንጉሥ ፈርዲናንድም በ1516 ዓ.ም. ሲያርፉ ከአጠገባቸው ተቀበሩ፤ በ1521 ዓ.ም. ግን አስከሬናቸው በከተማው ወደ ተሠራላቸው የነገሥታት ጸሎት ቤት ፈለሰ። ዛሬ የሆቴሉ እንግዳ ከክፍሉ ወጥቶ ወደ ማእዱ ሲሄድ፤ የፊተኛው መቃብር በነበረበት ስፍራ የተነጠፈውን ድንጋይ ያያል። የዓለምን ግማሽ ለመግዛት መንገድ የከፈቱ ነገሥታት ያረፉባት መሬት ከአንድ ሰው አልጋ እምብዛም አትበልጥም። ከዚህ የሚበልጥ ስብከት በብዙ ገንዘብ በሚከፈልበት ሆቴል ውስጥ መገኘቱ የሚያስገርም ነው።

እንግዲህ የግራናዳ ውበት በዚህ ዘመን በሰላም የተቀመጠ ይመስላል። አልሐምራና ሔኔራሊፌ በ1984 ዓ.ም.፤ አልባይሲን ደግሞ በ1994 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፤ የሳይንስና የባህል ድርጅት የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፈዋል። ነገር ግን ዛሬ የመጣው አደጋ ባሩድ ወይም እሳት አይደለም፤ አደጋው ፍቅር ነው። በየዓመቱ ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው አምባውን ሊያይ ይመጣል። የእግሩ ብዛት ወለሉን፤ የእጁ ንክኪ ጄሶውን ይጐዳል። ስለዚህ ጠባቂዎቹ ለያንዳንዱ ቲኬት ሰዓት ወስነው በየግማሽ ሰዓቱ የተቈረጠ ቍጥር ያለው ሰው ብቻ ወደ ነገሥታቱ አዳራሾች ያስገባሉ። ሰዓቱ ያለፈበት እንግዳ ከሩቅ አገር ቢመጣም አይገባም። አንዳንዱ ያጕረመርማል፤ ነገር ግን በሩ ለሁሉ ያለ ልክ ቢከፈት ከመቶ ዓመት በኋላ ለማንም የሚከፈት በር እንደማይኖር ማሰብ ይገባዋል።

በአልባይሲን ያለው ችግር ከዚህም የከበደ ነው፤ ሰፈርን በቲኬት መጠበቅ አይቻልምና። ለነዋሪ የሚከራየው ቤት ለሁለትና ለሦስት ሌሊት ለጎብኚ ሲከራይ የበለጠ ገንዘብ ስለሚያስገኝ፤ ብዙ ባለቤቶች ቤታቸውን ወደዚያ አዞሩት። ኪራዩ ተወደደ፤ አዲስ ተጋቢዎች በተወለዱበት ሰፈር ቤት አጥተው ወደ ከተማው ዳር ወረዱ፤ የቀሩትም ብዙዎቹ ሽማግሌዎች ናቸው። በ16ኛው መቶ ዓመት ሰፈሩን ባዶ ያደረገው ሰይፍና ዐዋጅ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ገንዘብ ይወስደዋል። የሁለቱ ግፍ አንድ አይደለም፤ ፍጻሜያቸው ግን ሊመሳሰል ይችላል። ጎረቤት የሌለበት፤ ልጅ የማይጮኽበት፤ ሽማግሌ በደጃፍ የማይቀመጥበት ሰፈር ግድግዳው ቢጸዳና መብራቱ ቢበራ ከቴያትር መጋረጃ አይሻልም። እንግዳውም ራሱ የመጣው ሰው የሚኖርበትን ሰፈር ሊያይ ነበርና፤ ሌላ እንግዳ ብቻ አይቶ ይመለሳል።

ሆኖም ተስፋ የሚሰጥ ነገር አልጠፋም። ባለፉት ዓመታት የግራናዳ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከአገሬው ገበሬዎችና ከበጎ ፈቃደኞች ጋራ ሆነው በሴራ ኔቫዳ የተደፈኑትን የጥንት የውሃ ቦዮች አካፋና ዶማ ይዘው ሲጠርጉ ቆይተዋል፤ አይናዳማር የሚባለውን አሮጌ ቦይ ለማደስም ሥራ ተጀምሯል። ይህን ሥራ የሚያውቁት ምናልባት ጥቂቶች ናቸው፤ በሆቴሉ ሰገነት ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚያይ እንግዳ የቦይ ጠራጊውን ስም አይጠይቅም። ነገር ግን በሔኔራሊፌ ያለው ጽጌ ረዳ የሚኖረው በአድናቂው ሳይሆን በጠራጊው ነው።

የግራናዳ ነገር ለሌላ አገር ሹማምንትና ካህናትም ትምህርት አለው። የኢትዮጵያ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በ1978፤ የጎንደር የፋሲል ግቢ በ1979፤ የሐረር ጀጎል በ2006 ዓ.ም. ግራናዳ በተጻፈችበት በዚያው መዝገብ ተጽፈዋል። የጎንደር የፋሲል መዋኛ በየዓመቱ ለጥምቀት በዓል ውሃ ይሞላል፤ ሕዝቡም ለበረከት ይገባበታል። መዋኛው ሕያው ቅርስ የሆነው ድንጋዩ ስላረጀ ብቻ አይደለም፤ ውሃው፤ በዓሉና ሕዝቡ ከርሱ ስላልተለዩ ነው። ሐረርም ሐረር የምትባለው በግንቧ ውስጥ ሰው ስለሚኖርባት ነው።

ስለዚህ እንግዳ እንዲመጣ የሚፈልግ አስተዳዳሪ ሆቴል ለማሠራት መሠረት ከመጣሉ በፊት ሦስት ጥያቄ ቢጠይቅ ይጠቀማል። ለእንግዳው ገላ መታጠቢያ የሚሄደው ውሃ ከማን ማሳ የሚቀነስ ነው? እንግዳው ሊያየው የሚመጣበት ሰፈር ነባር ነዋሪ ከአሥር ዓመት በኋላ በቤቱ ይገኛልን? ከሚገባውስ ገንዘብ ጣራ ለሚከድነውና ቦይ ለሚጠርገው ምን ያህል ይደርሰዋል? ለነዚህ ሦስቱ መልካም መልስ ያለው ከተማ ደጁን ሳይፈራ ይክፈት። መልስ የሌለው ግን እንግዳ ከመጥራቱ በፊት ቤቱን ያሰናዳ። ገነት ለጎብኚ የአንድ ቀን ደስታ ናት፤ ለጠባቂዋ ግን የዕለት ሥራ ናት፤ ሥራው የቀረ ዕለት ደስታውም ይቀራል።